የአያቴ ነጠላ ጥለት ምን ቀለም ነበረው? በጥቁርና ነጭ ፎቶ ላይ ቀለም ስለማልበስ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው በአጭሩ የሚከተለው ነው። ጠያቂዋ በ1946 ዓ.ም. ደሴ ከተማ በአንድ ፎቶ ቤት የተነሡ የአያቶቻቸው ጥቁርና ነጭ ፎቶ አላቸው። ሴት አያታቸው ባለጥለት ነጠላ ለብሰው ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፤ ወንድ አያታቸው ካኪ ልብሳቸውን ለብሰው፣ የአርበኝነት ሜዳሊያዎቻቸውን ደረታቸው ላይ ደርድረው ከጎናቸው ቆመዋል። ጠያቂዋ በስልካቸው ባለ መተግበሪያ ቀለም ሲያስገቡበት ነጠላው ውሃ ሰማያዊ፣ ጥለቱ ቡናማ፣ ፊቶቹ ደግሞ ሮዝ ሆነው ወጡ፤ እናታቸውም አይተው «እነዚህ የእኔ እናትና አባት አይደሉም» አሉ። ፎቶውን አሳድገው ለእናታቸው ሰባኛ ዓመት ልደት ሊሰጡ ስላሰቡ፣ ትክክለኛውን ቀለም ከፎቶው ውስጥ የሚያወጣ የተሻለ ፕሮግራም መኖሩን፣ ራሳቸው ሊሠሩት መቻላቸውን፣ እንዲህ ማድረጉስ አግባብ መሆኑን ጠይቀዋል። የሴት አያታቸው ታናሽ እህት በሕይወት እንዳሉም በጥያቄያቸው መጨረሻ ላይ ጠቅሰዋል። ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው መረጃ ይኸኛው ነው።

ከመጀመሪያው ጥያቄዎ ልነሣ። ትክክለኛውን ቀለም ከፎቶው ውስጥ የሚያወጣ ፕሮግራም የለም፤ ወደፊትም አይኖርም። ይህ የፕሮግራሞቹ ድክመት አይደለም። በጥቁርና ነጭ ፊልም ላይ ያለው የብር ውሁድ የሚመዘግበው ምን ያህል ብርሃን እንደነካው ብቻ ነው፤ ብርሃኑ ከቀይ ጨርቅ ይምጣ ከአረንጓዴ አይለይም። ቀለሙ ፎቶው ውስጥ ተደብቆ የተቀመጠ ቢሆን ኖሮ ፈልፍሎ ማውጣት ይቻል ነበር፤ ነገር ግን ፎቶው በተነሣባት ቅጽበት ሳይመዘገብ ቀርቷል።

ይህን በቁጥር ማየት ይቻላል። ኮምፒውተር አንድን ቀለም የሚገልጸው በቀይ፣ በአረንጓዴና በሰማያዊ መጠን ሲሆን እያንዳንዱ ከ0 እስከ 255 ይደርሳል። ባለቀለም ምስል ወደ ግራጫ ሲለወጥ በተለመደው ስሌት ቀዩ በ0.299፣ አረንጓዴው በ0.587፣ ሰማያዊው በ0.114 እየተባዛ ይደመራል። እንግዲህ ቀዩ 200፣ አረንጓዴው 40፣ ሰማያዊው 40 የሆነ ደማቅ ቀይ ጥለት ቢወስዱ ግራጫው 88 ይሆናል። መጠኑ 20፣ 130 እና 50 የሆነ አረንጓዴ ጥለትም 88 ይሰጣል፤ 50፣ 90 እና 180 የሆነ ሰማያዊም እንዲሁ 88 ነው። በዓይን ፈጽሞ የማይመሳሰሉት ሦስት ጥለቶች በግራጫው ፎቶ ላይ አንድ ሆኑ ማለት ነው። ከ88 ተነሥቶ ወደ ኋላ ለመመለስ የሚሞክር ማንኛውም ፕሮግራም ከብዙዎቹ አንዱን ይመርጣል፤ ምርጫውም ግምት ነው።

ይህ ግምት ከየት እንደሚመጣ ካወቁ የአያትዎ ጥለት ለምን ቡናማ እንደሆነ ይገባዎታል። ዛሬ በስልክም ሆነ በኮምፒውተር የምናገኛቸው፣ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሠሩ ቀለም አልባሾች በአብዛኛው የሚሠለጥኑት በአንድ ዓይነት መንገድ ነው። እጅግ ብዙ ባለቀለም ፎቶዎች ተሰብስበው እያንዳንዱ ወደ ግራጫ ይለወጣል፤ ፕሮግራሙ ግራጫውን እያየ የጠፋውን ቀለም ይገምታል፤ ግምቱም ከእውነተኛው ቀለም ጋር እየተነጻጸረ ይታረማል። ዣንግ፣ ኢሶላና ኤፍሮስ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2016 ያቀረቡትና በዚህ መስክ በሰፊው የሚታወቀው ሥራ ከአንድ ሚሊዮን በሚበልጡ ፎቶዎች የሠለጠነ ነበር። ተመራማሪዎቹ ትኩረት ከሰጡባቸው ነገሮች አንዱ፣ ፕሮግራሙ ስሕተቱን ማሳነስ ብቻ ከተማረ ቀይ ይሁን አረንጓዴ ላልለየው ነገር የሁሉንም አማካይ የሚሰጥ መሆኑ ነው፤ የብዙ ቀለሞች አማካይ ደግሞ ደብዛዛ ቡናማ ነው። ስለዚህ በአያትዎ ነጠላ ዳር ላይ ያዩት ቡናማ ቀለም ፕሮግራሙ «አላውቅም» የሚልበት መንገድ እንደሆነ አድርገው ቢወስዱት አይሳሳቱም። ነጠላውም ቢሆን ፕሮግራሙ በሥልጠናው አዘውትሮ ያየው ልብስ አይመስለኝም፤ ነጭ፣ ስስና እጥፋቱ ውስጥ ጥላ ያለበት ነገር ሲያይ ከሚያውቃቸው ነገሮች ከአንዱ ጋር አመሳስሎ ሰማያዊ ጥላ ጣለበት።

ሁለተኛ ምክንያት አለ፤ ሲነገር እምብዛም ስለማልሰማው ረዘም አድርጌ ላስረዳው። ፕሮግራሙ ከላይ በጠቀስኩት ስሌት የተገኘ ግራጫ እያየ የሠለጠነ ነው፤ የድሮ ፊልም ግን ብርሃንን በዚያ ስሌት አልመዘነም። በፊልም ፋንታ ያገለግሉ የነበሩት፣ የብር ውሁድ የተቀባባቸው የመጀመሪያዎቹ የፎቶግራፍ መስታወቶች የሚያዩት ሰማያዊና ከዚያ ያለፈውን በዓይን የማይታይ ብርሃን ብቻ ነበር። ጀርመናዊው ኬሚስት ሄርማን ፎግል እ.ኤ.አ. በ1873 ማቅለሚያ በመጨመር መስታወቱ አረንጓዴንም እንዲያይ ማድረግ እንደሚቻል ደረሰበት፤ ኦርቶክሮማቲክ የሚባለው ፊልም ከዚህ ተወለደ። ቀይንም ጨምሮ ሁሉንም የሚያየው ፓንክሮማቲክ መስታወት ገበያ ላይ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1906 ነው። ከዚያም በኋላ ቢሆን ኦርቶክሮማቲኩ ወዲያው አልጠፋም፤ በጨለማ ክፍል ውስጥ በቀይ መብራት እያዩ ማጠብ ስለሚቻል ብዙ ፎቶ አንሺዎች ለረጅም ዓመታት ይወዱት ነበር።

የዚህ ውጤት ቀላል አይደለም። ኦርቶክሮማቲክ ፊልም ቀይን ስለማያይ ቀይ ነገር ሁሉ ወደ ጥቁር ይጠጋል፤ ሰማያዊ ነገር ደግሞ ከልክ በላይ ይነጣል። የድሮ ፎቶዎች ላይ ሰማዩ ባዶ ነጭ ወረቀት የሚመስለው ለዚህ ነው። አንድ መኳንንት ጃኖ ለብሰው በእንዲህ ያለ ፊልም ቢነሡ በነጩ ሸማ ላይ ያለው ሰፊ ቀይ ጥለት ጥቁር ሆኖ ይወጣል፤ ታሪኩን የማያውቅ ፕሮግራምም ሆነ ታሪኩን የማያውቅ ባለሙያ ጥቁር ወይም ጥቁር ሰማያዊ አድርጎ ይተወዋል፤ ጃኖውም ጃኖ መሆኑ ይቀራል። በሰንደቅ ዓላማችን ላይም ይህንኑ ማየት ይቻላል። በፓንክሮማቲክ ፊልም ላይ ቢጫው ከሁሉም ደምቆ ሲታይ፣ ቀዩና አረንጓዴው የሚቀራረብ ግራጫ ሊኖራቸው ይችላል፤ በኦርቶክሮማቲክ ፊልም ላይ ግን ቀዩ ከሁለቱም ተለይቶ ይጠቁራል።

ጉዳዩ የሰው ፊት ላይ ሲደርስ የበለጠ ከባድ ይሆናል። የእኛ ቆዳ ከሚመልሰው ብርሃን ትልቁ ድርሻ ቀይና ቀይ-ቢጫ ነው፤ ቀይን በማያይ ፊልም የተነሣ ሰው ከነበረው ጠቁሮ ይታያል። ስለዚህ ቤተሰብ «ቀይ ነበሩ» ወይም «ቀይ ዳማ ነበሩ» እያለ ፎቶው ግን ጠይም አድርጎ ቢያሳይ፣ ቤተሰቡ ተሳስቷል ብለው አይቸኩሉ። በተቃራኒው ደግሞ ብዙ የስልክ መተግበሪያዎች ፊትን ለማሳመር በሚል ሳይጠየቁ የሚያነጡ በመሆናቸው፣ ያለማስረጃ ቆዳን ማፍካት ሟቾችን መበደል ነው ብዬ አምናለሁ። እኔ ግራጫውን የምነካው ፊልሙ ቀይን አለማየቱን የሚያሳይ ማስረጃ ፎቶው ራሱ ውስጥ ሳገኝ ብቻ ነው።

እርስዎ ዘንድ ይህ ማስረጃ ሊኖር ይችላል። የወንድ አያትዎ ሜዳሊያዎች በቤተሰቡ እጅ ካሉ ጥብጣባቸውን ይመልከቱ። ጥብጣቡ ብዙ ዓመት ብርሃን ያገኘው በፊት ለፊቱ ስለሆነ፣ ያልደበዘዘውን ቀለም ከኋላ ባለው እጥፋት ውስጥ ያገኙታል። ያንን ክፍል በቀን ብርሃን፣ ጥላ ውስጥ ሆነው ፎቶ አንሥተው ወደ ግራጫ ይለውጡና በድሮው ፎቶ ላይ ካለው ከዚያው ጥብጣብ ጋር ጎን ለጎን ያስቀምጡ። መስመሮቹ በተቀራራቢ ግራጫ ከተመሳሰሉ ፊልሙ ሁሉንም ቀለም ያይ ነበር ማለት ነው፤ ቀዩ መስመር በድሮው ፎቶ ላይ እጅግ ጠቁሮ ከታየ ደግሞ ፊልሙ ቀይን አያይም ነበር፤ ከንፈሮቹም፣ ቆዳውም፣ በጥለቱ ውስጥ የነበረ ቀይ ክርም ከእውነታው እንደጠቆሩ ይረዳሉ። ቀለሙ የሚታወቅ አንድ ነገር በፎቶ ውስጥ ማግኘት ከየትኛውም ፕሮግራም የበለጠ ይጠቅማል።

አሁን ወደ አያትዎ እህት ልምጣ፤ ሥራው የሚጀመረው ከእርሳቸው ዘንድ እንጂ ከኮምፒውተሩ አይደለም። ሲሄዱ በመተግበሪያው ቀለም የገባበትን ፎቶ ፈጽሞ አያሳዩዋቸው። አንድ ጊዜ ሰማያዊ ነጠላ ካዩ በኋላ የራሳቸውን ትዝታ ከዚያ መለየት ለማንም ሰው ከባድ ነው። ጥቁርና ነጩን ፎቶ አሳድገው፣ ያለ መነጽር እንኳ እንዲታይ አድርገው ያትሙና እርሱን ይዘው ይሂዱ። «ጥለቱ ቀይ ነበር?» ብለው አይጠይቁ፤ «አዎ ልጄ» ማለት ይቀናልና። ነጠላውን ማን እንደሸመነው፣ ለየትኛው በዓል ወይም ለየትኛው ሠርግ እንደተገዛ፣ በኋላ ለማን እንደተሰጠ ይጠይቁ፤ ቀለሙ በወሬው መሐል ራሱ ይመጣል። ከዚያ በኋላ ቀለሙን ለመለየት የስልክ ስክሪን ሳይሆን እውነተኛ ክር ያቅርቡላቸው። አዲስ አበባ ካሉ ሽሮ ሜዳ ሄደው የተለያየ ቀይ፣ የተለያየ አረንጓዴ፣ የተለያየ ወርቃማ ክር ቁራጭ ማሰባሰብ ይችላሉ፤ አዛውንቷ በጣታቸው እየዳሰሱ ይመርጣሉ። ስለ መልክም ይጠይቋቸው። በአማርኛ ቀይ፣ ቀይ ዳማ፣ ጠይም፣ ጥቁር የምንላቸው ቃላት ለዚህ ሥራ እጅግ የተመቹ ናቸው፤ ይሁን እንጂ ሰው ቃሉን ከራሱ ጋር እያነጻጸረ ስለሚጠቀምበት «ከእኔ ጋር ሲተያዩ ቀላ ይሉ ነበር ወይስ ጠቆር?» ብለው ይጨምሩበት። የሰሙትን ሁሉ በዚያው ቀን ይጻፉ። ሣጥን ውስጥ የቀረ የነጠላ ቁራጭ ወይም መቀነት ቢገኝ ደግሞ ከዚያ የሚበልጥ ምስክር የለም።

ይህን አጥብቄ የምናገረው በራሴ ስሕተት ስለተማርኩት ነው። ከብዙ ዓመታት በፊት አንድ ቤተሰብ የእናታቸውን ፎቶ አመጡልኝ፤ እኔም ሳልጠይቅ በነጠላቸው ጥለት ላይ አረንጓዴና ወርቃማ ቀለም አለበስኩበት፤ አምሮም ነበር። ትልቋ ልጃቸው ገና ሲያዩት አለቀሱ። ፎቶው የተነሣው አባታቸው በሞቱ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሲሆን፣ የነጠላው ጥለት ጥቁር ነበር። ከዚያ በኋላ ፎቶውን ደግሜ ስመለከተው ጥለቱ ወደ አንገታቸው ዞሮ፣ ነጠላው እንደ ሐዘንተኛ ተዘቅዝቆ ተለብሷል። ማስረጃው ዓይኔ ሥር ነበር፤ አላነበብኩትም። ሥራውን እንደገና ሠርቼ ሰጠኋቸው፤ የልጅቱን ፊት ግን እስካሁን አልረሳሁትም። ከዚያ ወዲህ የልብሱን አለባበስ፣ የፀጉሩን አሠራር፣ የፎቶውን ጀርባ ጽሑፍና ማኅተም ሳላነብ ቀለም አላነሣም።

ሁለተኛው ጥያቄዎ ራስዎ ሊሠሩት ይችሉ እንደሆነ ነበር፤ ትዕግሥት ካለዎት ይችላሉ። በመጀመሪያ ፎቶውን በስልክ ሳይሆን በጠፍጣፋ ስካነር ያንሡት። ፎቶው ከፍሬሙ መስታወት ጋር ተጣብቆ ከሆነ ለመላጥ አይሞክሩ፤ ምስሉ ያለበት የጄላቲን ሽፋን ከመስታወቱ ጋር ተልጦ ይቀራል፤ በዚያ ሁኔታ ከነመስታወቱ ስካን ማድረግ ይሻላል። ፎቶው ዘጠኝ በአሥራ ሁለት ሴንቲ ሜትር ከሆነ በ1200 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 1200 ነጥብ) ስካን ሲደረግ ወደ 4250 በ5670 ፒክሰል ይሰጥዎታል፤ ይህም በጥሩ ጥራት 36 በ48 ሴንቲ ሜትር ድረስ ለማተም ይበቃል። ፋይሉን ጥራቱን በማይቀንሰው በቲፍ ዓይነት፣ ከተቻለም በ16 ቢት ያስቀምጡ።

ፎቶው ጥቁርና ነጭ ቢሆንም ስካነሩን በባለቀለም ላይ ያድርጉት። ይህ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር ነው። አሮጌ ወረቀት ቢጫ ይሆናል፤ የውሃና የሻይ ነጠብጣብም ቢጫ ወይም ቡናማ ነው። ቢጫ ነገር ሰማያዊ ብርሃንን ስለሚውጥ ነጠብጣቡ በስካኑ ሰማያዊ ቻናል (የሰማያዊው መጠን ብቻ በተመዘገበበት ክፍል) ላይ ጎልቶ ሲታይ በቀዩ ቻናል ላይ ይደበዝዛል፤ አንዳንዴም ፈጽሞ ይጠፋል። ስለዚህ ሦስቱን ቻናሎች ለየብቻ ይመልከቱና ንጹሑን፣ ብዙ ጊዜ ቀዩን፣ መሠረትዎ ያድርጉት። የግማሽ ቀን የጽዳት ሥራ በዚህ አንድ እርምጃ ሊቀርልዎት ይችላል።

የቀረውን ጭረትና ነጥብ በእጅ ያጽዱ። ጭረት በራሱ የሚያጠፋ ማጣሪያ ፊት ላይ እንዳይጠቀሙ አደራ እላለሁ። የብዙ እናቶቻችን አንገትና አገጭ ላይ ንቅሳት አለ፤ ግንባራቸው ላይ የመስቀል ንቅሳት ያለባቸውም አሉ። ማጣሪያው ይህን ከጭረት አይለየውም። ከማተባቸው ክርም እንዲሁ። ጽዳቱን ሲጨርሱ ከመጀመሪያው ስካን ጋር እያቀያየሩ አንገቱንና ፊቱን ያስተያዩ፤ ንቅሳቱ ካለ ቀለም ሲያለብሱ ጥቁር ሳይሆን ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ጥቁር ሰማያዊ ይስጡት።

ቀለም የማልበሱ ሥራ መርሑ ቀላል ነው። በፎቶሾፕ ውስጥ ከግራጫው ፎቶ በላይ አንድ ሌየር (በፎቶው ላይ የሚነጠፍ ግልጽ ንብር) ይከፍቱና የመዋሐጃ ዘዴውን «ከለር» ያደርጉታል፤ በነፃ በሚገኘው ጂምፕ ደግሞ «ኤልሲኤች ከለር» የሚለው የተሻለ ውጤት ይሰጣል። በዚህ ዘዴ ከላይ የተቀባው ቀለም ዓይነቱን ብቻ ይሰጣል፤ ብርሃንና ጥላው ከሥር ካለው ከድሮው ፎቶ ይመጣል። ለእያንዳንዱ ነገር፣ ማለትም ለነጠላው፣ ለጥለቱ፣ ለካኪው፣ ለፊት፣ ለእጅ፣ ለፀጉር፣ ለወንበሩ፣ ለመጋረጃው፣ የየራሱን ሌየር ከነማስኩ (ቀለሙ የት እንደሚያርፍ ከሚወስነው ሽፋን ጋር) ይክፈቱ፤ የአያትዎ እህት ነገ «አይ፣ ቀዩ ጠቆር ያለ ነበር» ቢሉ የሚያርሙት አንዱን ሌየር ብቻ ይሆናል። የማስኩን ጠርዝ እንደ ምላጭ አያሹሉት። ዓይናችን ብርሃንን አጥርቶ ሲያይ የቀለምን ጠርዝ ግን ያን ያህል አጥርቶ አያይም፤ ማስኩ በሁለትና በሦስት ፒክሰል ቢለሰልስ የተቀባ መሆኑ ያነሰ ያስታውቃል።

ነጠላው ነጭ ስለሆነ ሊተዉት ያስቡ ይሆናል፤ አይተዉት። በእጅ የተፈተለ ጥጥ ወረቀት አይደለም፤ ትንሽ የወተት ቅባት ያለበት የሚመስል፣ ወደ ቢጫ የሚያደላ ሙቀት አለው። እጥፋቱ ውስጥም የቆዳው ቀለም ያንጸባርቃል፤ ስስ ነጠላ ክንድ ላይ ሲያርፍ ቆዳው ከሥሩ ይታያል። እዚያ ቦታ የቆዳውን ቀለም በጣም ስስ አድርገው ያስገቡ። ይህች አንዲት ነገር ነጠላውን ከተለጠፈ ነጭ ወረቀት ወደ ጨርቅ ትለውጠዋለች። ለመጋረጃውና ለወንበሩ ማስረጃ ከሌለዎት ደብዘዝ ያለ፣ ወደ ግራጫ ያደላ ቀለም ይስጧቸው፤ ያልተመሰከረለት ነገር ጎልቶ መታየት የለበትም።

ከሁሉም የሚከብደው ፊት ነው። አንድ ቀለም መርጠው ፊቱን ሁሉ ከቀቡት ሰም የተቀባ ምስል ይወጣል፤ ምክንያቱም የሰው ፊት አንድ ቀለም የለውም። ግንባር ወደ ቢጫ ያደላል፤ ጉንጭ፣ የአፍንጫ ጫፍና ጆሮ ደም ስለሚበዛባቸው ይቀላሉ፤ ከዓይን ሥር ያለው ወደ ግራጫ ይሄዳል፤ በወንድ ላይ ጢም የሚበቅልበት ቦታ ይጠቁርና ወደ ሰማያዊ ያደላል። የጠይም ሰው ቆዳ ጥላ ውስጥ ሲገባ ቀለሙ ይበልጥ ይደምቃል፤ ብርሃን በሚያርፍበት በጉንጭ አጥንት ላይ ግን ይሳሳል። ይህን በመገመት ፋንታ ከሕያው ሰው ይቅዱት። በቤተሰቡ ውስጥ «ቁርጥ አያቷን» የሚባል ሰው አይጠፋም። ያንን ሰው ፀሐይ በማይገባበት መስኮት አጠገብ አስቀምጠው ፎቶ ያንሡና ከግንባሩ፣ ከጉንጩ፣ ከዓይኑ ሥር፣ ከከንፈሩ ለየብቻ ቀለም ይውሰዱ፤ ለእያንዳንዱ ክፍልም የየራሱን ስስ ሌየር ይስጡ። የሰው ቆዳ፣ ከሁሉም ጠቆር ካለው እስከ ሁሉም ቀላ ካለው፣ በቀለም ክብ ላይ የሚያርፈው በጠባብ የብርቱካናማ ክልል ውስጥ ነው፤ የሚለያየው በድምቀትና በብርሃን መጠን ነው። በመተግበሪያው የወጣው ፊት ያስቀየመዎት ከዚህ ክልል ወጥቶ ወደ ሮዝ ስለሄደ ነው። የዓይን ነጩንም ንጹሕ ነጭ አያድርጉት፤ በዕድሜ የገፋ ሰው ዓይን ትንሽ ቢጫና ትንሽ ቀይ አለው።

እንዲህ ስል መተግበሪያዎቹን ይጣሉ ማለቴ አይደለም። ሰው ሠራሽ አስተውሎቱ ለዛፍ፣ ለሣርና ለመሬት ብዙ ጊዜ ጥሩ መነሻ ይሰጣል፤ ሰዓታትም ይቆጥባል። አደገኛ የሆኑት ፎቶውን ቀለም ከማልበስ አልፈው እንደ አዲስ የሚስሉት የቅርብ ጊዜዎቹ ናቸው። ፊቱን «ያጠሩታል»፤ የሚያጠሩት ግን የሌላ ሰው ዓይን፣ የሌላ ሰው ጥርስ እያስገቡ ነው። እናትዎ «እናቴ አይደለችም» ያሉት ከቀለሙ ብቻ ሳይሆን ከዚህም የመጣ ሊሆን ይችላል። የሚያረጋግጡበት መንገድ አለ፤ የመተግበሪያውን ውጤት ከመጀመሪያው ስካን በላይ በልክ አስቀምጠው የመዋሐጃ ዘዴውን «ከለር» ያድርጉት። ያን ጊዜ ከመተግበሪያው የሚወሰደው ቀለሙ ብቻ ሆኖ የፊቱ ቅርጽ፣ መስመሩና እይታው የድሮው ፎቶ እንደሆነ ይቀራል። ዘዴውን በ«ኖርማል»ና በ«ከለር» መካከል እያቀያየሩ ሲያዩ የፊቱ ቅርጽ ከተለዋወጠ መተግበሪያው ነክቶት ነበር ማለት ነው። የቤተሰብ ፎቶ ወደማያውቁት ድርጅት ኮምፒውተር ከመላክዎ በፊት ደግሞ ፎቶውን ምን እንደሚያደርጉበት የሚገልጸውን ውል ያንብቡ።

አግባብ ስለመሆኑ ለጠየቁኝ፣ አግባብ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ሆኖም ወሰን አለው። በፎቶ ላይ ቀለም መቀባት ፎቶግራፍ ከተፈጠረ ብዙም ሳይቆይ፣ እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ የተጀመረ ሥራ ነው፤ የዚያን ዘመን ሰዎችም በብሩሽ ጉንጭና ከንፈር ይቀቡ ነበር። ወሰኑ የት እንደሆነ በግልጽ የታየው እ.ኤ.አ. በ2021 ነው። በካምቦዲያ ክመር ሩዥ በተባለው ጨፍጫፊ አገዛዝ ዘመን በቱል ስሌንግ እስር ቤት ከመገደላቸው በፊት የተነሡ እስረኞችን ፎቶ አንድ ባለሙያ ቀለም አልብሶ ቫይስ የተባለው የብዙኃን መገናኛ አወጣው፤ ከፎቶዎቹ ጥቂቶቹ ላይ ግን ሰዎቹ ፈገግ እንዲሉ ተደርገው ነበር። የሟች ቤተሰቦችና የካምቦዲያ መንግሥት ተቃወሙ፤ ጽሑፉም ከድረ ገጹ ተወገደ። ቀለም ማልበስ በፎቶው ላይ የተጻፈ ትርጓሜ ነው፤ ፊትን መለወጥ ግን ፎቶው የመሰከረውን መሰረዝ ነው። በእኛም አገር የአርበኞችና የየካቲት 12 ሰማዕታት ፎቶዎች ቀለም ለብሰው፣ ማን እንዳለበሳቸው ሳይጻፍ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፉ አያለሁ። ልጆች እነዚያን ቀለሞች እንደ ታሪክ ማስረጃ ሲወስዷቸው ማየት ያስጨንቀኛል፤ የአንድ አርበኛ ልብስ ቀለም ከአንድ ሰው የማታ ግምት የመጣ ሊሆን ይችላልና።

ስለዚህ የመጀመሪያውን ስካን ሳይነኩ በሁለት ቦታ ያስቀምጡ፤ ባለቀለሙ ሌላ ፋይል ይሁን፤ በፋይሉ ስምም በታተመው ፎቶ ጀርባም «ቀለም የለበሰው በዚህ ዓመት፣ በዚህ ሰው ነው» ተብሎ ይጻፍ። እኔ ከዚህ በተጨማሪ ለእያንዳንዱ ሥራ አንድ ገጽ ማስታወሻ አያይዛለሁ፤ የትኛው ቀለም ከዕቃ፣ የትኛው ከሰው ምስክርነት፣ የትኛው ከራሴ ግምት እንደመጣ ይገልጻል። በእርስዎ ፎቶ ላይ የጥብጣቡ ቀለም ከዕቃ፣ የጥለቱ ከአያትዎ እህት፣ የመጋረጃው ከግምት ሊሆን ይችላል። በኋላ ዘመን አንድ የልጅ ልጅ ነጠላውን ሣጥን ውስጥ ቢያገኘው የቱን እንደሚያርም ያውቃል።

ከማሳተምዎ በፊት ፊቱንና ጥለቱን ብቻ ቆርጠው በዚያው ወረቀት ላይ ትንሽ ሙከራ ያሳትሙ፤ በስክሪን ላይ ያማረ ጠይም ፊት በወረቀት ላይ ብዙ ጊዜ ይጠቁራል። ለእናትዎ ስጦታ ባለቀለሙን ብቻ ሳይሆን የጸዳውን ጥቁርና ነጭም በተመሳሳይ መጠን ጎን ለጎን ቢሰጧቸው እመክራለሁ፤ እርሳቸው በልጅነታቸው ግድግዳ ላይ ሲያዩ ያደጉት እርሱን ነውና። የአያትዎን እህት አነጋግረው፣ የጥብጣቡን ፎቶ አንሥተው ሲጨርሱ ከስካኑ ጋር ይላኩልኝ፤ የፊልሙን ዓይነትና የፊቱን ሌየሮች አብረን እናያቸዋለን።